ከሻንጣ የወጡ አራት ኮሚኮች፦ የቱን ታስመጡ፣ የቱን ትተዉ

አሜሪካ ውስጥ አዲስ ኮሚክ (ታሪኩ በሥዕል የሚነገር መጽሔት) የሚወጣው ረቡዕ ረቡዕ ነው። ባሕር ዳር ላይ ግን የሚወጣው ሻንጣ ሲመጣ ነው። የእኛ ረቡዕ በዚህ ሳምንት ቅዳሜ ዋለ፤ የአክስቴ ልጅ ከሜሪላንድ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ ገባች። ለእናቷ የደም ግፊት መለኪያ፣ ለሰፈሩ ልጆች ቸኮሌት፣ ለእኔ ደግሞ በጂንስ ሱሪ የተጠቀለሉ አራት ኮሚኮች ይዛ። የአንዱ ጥግ ታጥፏል። ምንም አላልኳትም፣ ግን አየሁት።

ማን እንደሚያወራችሁ እንድታውቁ፦ ፔዳ አካባቢ ኮፒ ቤት አለኝ። ቀኑን ሙሉ ወረቀት ስነካ ነው የምውለው፤ ስለዚህ ታሪኩን ሳልጀምር ወረቀቱንና ሙጫውን ነው የማየው። ለዚህ ነው ባለፈው ክረምት የደረሰብኝ እስካሁን የሚያንገበግበኝ። አንድ የቴሌግራም ሻጭ «ኦሪጅናል ባትማን፣ ሙሉ ከለር» ብሎ ብሩን ተቀበለኝና በአውቶቡስ ላከልኝ። ስከፍተው ተራ ኤ-ፎር ላይ የታተመ፣ ጥቁሩ ሁሉ ወደ ቡናማ የሄደ፣ ጀርባው በስቴፕለር የተመታ ነገር ነው። ለኮፒ ቤት ባለቤት ኮፒ ሸጠላት!

ከዚያ ወዲህ ሁለት ነገር እጠነቀቃለሁ። አንደኛ፣ ነጠላ እትም አላስመጣም። ነጠላው አራት አምስት ዶላር ነው፣ ታሪኩ ሃያ ምናምን ገጽ ነው፤ ሻይዬ ሳይበርድ ያልቃል። አምስት ስድስቱ አንድ ላይ የተጠረዘው ይሻላል፤ ሻንጣ ውስጥም አይጨማደድም። ሁለተኛ፣ መሐል ላይ አልገባም። ባትማን እ.ኤ.አ. ከ1939፣ ስፓይደርማን ከ1962 ጀምሮ ሲጻፉ የኖሩ ናቸው። ዛሬ የወጣውን ቁጥር አንስታችሁ ልታነቡ ብትሞክሩ ለቅሶ ቤት ዘግይቶ ገብቶ ጎረቤቱን «ማን ነው የሞተው?» ብሎ እንደማንሾካሾክ ነው። ደግነቱ በቅርብ ዓመታት ሁለቱም ትልልቅ የአሜሪካ አሳታሚዎች፣ ዲሲም ማርቭልም፣ ከዜሮ የሚጀምር መስመር አውጥተዋል። ከአራቱ ሦስቱ ከዚያ የተገኙ ናቸው።

በዲሲው «አብሶሉት ባትማን» ልጀምር፣ ምክንያቱም ሁለት ሌሊት እንቅልፍ የነሳኝ እሱ ነው። ጸሐፊው ስኮት ስናይደር፣ ሠዓሊው ኒክ ድራጎታ ነው፤ የመጀመሪያው እትም የወጣው በኦክቶበር 2024 ነው። የሠሩት ነገር ቀላል ይመስላል፦ ገንዘቡን ወሰዱበት። ቤተ መንግሥት የሚያህል ቤት የለ፣ አሳላፊ የለ፣ ውርስ የለ። ብሩስ ዌይን፣ ማለትም ባትማን ራሱ፣ የ24 ዓመት የደሃ ሰፈር ልጅ ነው፤ በሙያው የከተማ መሐንዲስ። አባቱ አስተማሪ ነበር፤ ተማሪዎቹን መካነ እንስሳት ሊያስጎበኝ ወስዶ በተኩስ ተገደለ። እናቱ ግን በሕይወት አለች። ይቺ ነገር ታሪኩን ሁሉ ቀየረችው። የድሮው ባትማን የሚያስጨንቀው ሰው አልነበረውም፤ ይኼኛው ሌሊት ወጥቶ ሲደባደብ እናት አለችው። እኔም እናት ስለሆንኩ ይሆናል፣ እነዚያን ገጾች እየተመለስኩ አነበብኳቸው።

ሌላው፣ በድሮው ታሪክ ጠላቶቹ የነበሩት፣ ፔንግዊኑ፣ ሪድለሩ፣ ባለ ሁለት ፊቱ፣ እዚህ አብረውት ያደጉ የሰፈር ጓደኞቹ ናቸው። ካርታ ይጫወታሉ፣ ይተራረባሉ። የድሮውን የሚያውቅ አንባቢ ሳቃቸውን እያየ ሆዱ ይባባል። የድሮው አሳላፊ አልፍሬድም አለ፣ ግን ሻይ የሚያቀርብ አይደለም፤ ባትማንን የሚከታተል የእንግሊዝ ሰላይ ነው።

ስለ ሥዕሉ፦ ድራጎታ ገጹን በትንንሽ ሣጥን ያጨናንቀዋል። ዓይን፣ ቡጢ፣ የተሰበረ መስታወት፣ እንደገና ዓይን። ትንፋሽ ሲያጥራችሁ ገጹን ትገልጣላችሁ፣ ሁለት ገጽ ሙሉ አንድ ሥዕል ብቻ። ባትማኑ ደግሞ ሰው አይመስልም፤ በሬ ነው የሚያህል። ደረቱ ላይ ያለችው የሌሊት ወፍ ምልክት ትነቀልና መጥረቢያ ትሆናለች። አዎ፣ መጥረቢያ፤ ለጌጥ ያልተሠራች። ደም አለው፣ የሚቆረጥ እጅም አለው፤ ስለዚህ ከ16 ዓመት በታች ላለ ልጅ አትስጡ። የእህቴ ልጅ 13 ዓመቱ ነው፤ ከቅዳሜ ጀምሮ እየፈለገው ነው። እንከኑን ካላችሁኝ፣ ወሮበሎቹ ብዙ ስለሆኑና ሁሉም ጭምብል ስለሚያጠልቁ የትኛው ማን እንደሆነ ይምታታል። አንድ ቦታ ላይ ተስፋ ቆርጬ ዝም ብዬ አለፍኩት።

ሁለተኛው የማርቭሉ «አልቲሜት ስፓይደርማን» ነው፤ ጸሐፊ ጆናታን ሂክማን፣ ሠዓሊ ማርኮ ኬኬቶ፣ ከጃንዋሪ 2024። ኮሚክ ነክቶ የማያውቀው ባለቤቴ ይሄን አንስቶ በአንድ ሌሊት ጨረሰው። ምክንያቱም ስፓይደርማን የሚሆነው ፒተር ፓርከር እዚህ ኮበሌ አይደለም። ፂም አውጥቷል፣ አግብቷል፣ ሁለት ልጅ ወልዷል፣ ጋዜጣ ቤት ይሠራል፤ ግን አንድ የጎደለው ነገር እንዳለ ይሰማዋል። ኃይሉን የምትሰጠው ሸረሪት የምትነክሰው የመጀመሪያው ክፍል ሊያልቅ ሲል ነው፤ እስከዚያ ወሬ ነው። አንዱ ክፍል እንዲያውም ከሞላ ጎደል እራት ገበታ ላይ ነው የሚያልቀው፦ ሁለት ባልና ሚስት ተቀምጠው ይጫወታሉ፣ ወይን ይቀዳል፣ አንዱ ያልሆነ ነገር ይናገራል፣ ሌላኛዋ ነገሩን ታበርደዋለች። ድብድብ ፈልጎ የመጣ ይሰለቸዋል። ባለቤቴ ግን «እንደኛ ቤት ነው፣ ወጡ ብቻ የለም» አለኝ። ለባለ ትዳር ስጦታ ይሆናል። ሠዓሊው መሐል ላይ ይቀየራል፣ ያን ጊዜ ፊቶቹ ትንሽ እንግዳ ይሆኑባችኋል።

«አብሶሉት ወንደር ውመን» ላይ ብዙ አልቆይም። ኬሊ ቶምሰን ጻፈችው፣ ሃይደን ሸርማን ሣለው። ዳያና፣ ማለትም ወንደር ውመን፣ ከአማዞኖች (ከተዋጊ ሴቶቹ) ደሴት ተነጥላ ሲኦል ውስጥ በአንዲት ጠንቋይ እጅ ያደገች ናት፤ ፈረሷ አጥንት ብቻ ነው፣ ሰይፏ ከቁመቷ ይረዝማል። ሲኦልን አሳምሮ መሣል ለጣና ሰው አዲስ ነገር አይደለም፤ ዘጌ ተሻግሮ የዑራ ኪዳነ ምሕረትን ግድግዳ ያየ ሰው ያውቀዋል፣ የበላዔ ሰብ ሚዛን አጠገብ ቆሞ አንገቱን እያቃና ያነበበ። የሸርማንም ገጽ እንደዚያ ነው፤ ሣጥኖቹ ክብ ይሠራሉ፣ ይሰነጠቃሉ፣ ዓይን መንገዱን መፈለግ አለበት። ለሥዕል ተማሪ እመክራለሁ። ታሪኩን ግን ከባትማኑ ዝቅ አድርጌ አየዋለሁ፤ አውሬ ይመጣል፣ ትገጥመዋለች፣ ሌላ አውሬ ይመጣል።

ጥጓ የታጠፈችው አራተኛዋ ናት። «ጀምበር»፤ በብስራት ደበበ፣ ከእታን ኮሚክስ። አዲስ አይደለችም፣ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣች ናት፤ ለእኔ መደርደሪያ ግን አዲስ ናት። በአማርኛ የተጻፈ የኢትዮጵያ ሱፐርሂሮ ኮሚክ ከሜሪላንድ በሻንጣ መምጣቱ ያስቃል፣ ደግሞ አያስቅም። አማኑኤል ጥላሁን ተመርቆ አዲስ አበባ ላይ ሥራ የሚፈልግ ልጅ ነው፤ ከዚያ ልዩ ኃይል ያገኛል።

ሰኞ ጠዋት አንድ ልጅ ሲቪውን በ12 ኮፒ ሊያስነሳ መጣ። ዲግሪውን በፕላስቲክ አስገብቶ፣ እንዳይታጠፍ በሁለት እጁ ይዞ። ማሽኑ ወረቀት ነክሶ ቆመና እስካስተካክል «ጀምበር»ን ከጠረጴዛው ላይ አነሳት። ቆሞ ጀመረ፣ ከዚያ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። ኮፒው አልቆ ስጠራው አልሰማኝም። ጥቂት ገጽ እንደቀረው ቀና ብሎ «እህቴ፣ መጨረሻ ላይ ሥራ ያገኛል?» አለኝ። ክፉውን ሰው ያሸንፋል ወይ አላለኝም። «ጨርሰህ እየው» አልኩት። ጨረሰና ከዲግሪው ጋር እንዳትቀላቀል ለብቻ አድርጎ መለሰልኝ፤ አንዱን ኮፒ ሳላስከፍለው ቀረሁ።

ቅሬታዬ፣ ቀጭን ናት። ነገሩ ገና ሲሞቅ ታልቃለች። ግን አንባቢ የሌለው ቤት ውስጥ አንድ ኮሚክ ብቻ ይግባ ከተባለ ይቺ ትግባ፤ አያትም ታነባለች፣ ልጅም ያነባል፣ የሚደበቅ ገጽ የላትም።

ሻንጣ ይዞ የሚመጣ ዘመድ ለሌላችሁ፦ የማርቭል መተግበሪያ አዲሱን እትም ከወጣ ከሦስት ወር በኋላ ነው የሚያስገባው፣ ክፍያውም የውጭ ካርድ ይፈልጋል፤ ስለዚህ ለብዙዎቻችን ወሬ ነው። ዌብቱን የሚባለው የኮሚክ መተግበሪያ ላይ ግን እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ በነጻ የሚነበብ የባትማን ቤተሰብ ኮሚክ አለ፣ «ዌይን ፋሚሊ አድቬንቸርስ» የሚባል። ወደ ታች እየተገፋ ስለሚነበብ ለስልክ ይመቻል፣ ደም የለበትም፣ ያስቃል። ለእህቴ ልጅ እሱን ነው የጫንኩለት። ሦስት ክፍል አንብቦ «አክስቴ፣ ይሄ ጥሩ ነው፤ ግን ያ መጥረቢያ ያለውስ?» አለኝ።

ባትማኑ ያለው አራተኛው የኤ-ፎር ካርቶን ሥር ነው። ልጁ ይህን የሚያነብ ከሆነ ማታ ቦታ እቀይራለሁ።