በእጅ የሚሠራው የአፈር ብሎኬት መጭመቂያ፦ ከግንበኛ የተሰጠ አስተያየት

ገጠር ውስጥ ቤት መሥራት ርካሽ ነው የሚለው አባባል የጭነት ኪራይን ይረሳል። ሲሚንቶው፣ ብረቱና ብሎኬቱ ሁሉ ከከተማ ተጭኖ ይመጣል፤ መንገዱ በረዘመና በከፋ ቁጥር ዋጋው ይወጣል። ለሦስትና ለአራት ቤት ብሎ መሣሪያና ሠራተኛ አጓጉዞ የሚመጣ ተቋራጭ ማግኘትም ጭንቅ ነው። በዚህ መካከል አዲስ የተመደበች አስተማሪ ወይም ነርስ የምትከራየው ክፍል አጥታ ዝውውር ትጠይቃለች፤ ትዳር የያዙ ልጆች ከወላጆቻቸው ጋር ተጨናንቀው ይኖራሉ። በግንበኝነት ሥራዬ ይህን ደጋግሜ ስላየሁ ነው ከባልንጀሮቼ ጋር ተዋጥቼ በእጅ የሚሠራ የአፈር ብሎኬት መጭመቂያ የገዛሁት። ቢያንስ የግድግዳውን ወጪ ይቀንሳል ብዬ ነበር፤ በእርግጥም ቀንሷል።

መሣሪያው የዛሬ ፈጠራ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ራውል ራሚሬዝ የተባለ ቺሊያዊ መሐንዲስ ኮሎምቢያ ቦጎታ ውስጥ በነበረው ሲንቫ በተሰኘ የቤቶች ማዕከል የሠራው ነው፤ ሲንቫ ራም የሚባለውም ለዚህ ነው። የእኛው በአንድ ብየዳ ቤት ተመስሎ የተሠራ ነው። የብረት ሳጥን፣ ክዳንና ረጅም እጀታ አለው። ጥቂት ሲሚንቶ የተቀላቀለበትን እርጥብ አፈር ትሞላላችሁ፣ ክዳኑን ትዘጋላችሁ፣ እጀታውን ስትጫኑት ወለሉ ወደ ላይ እየገፋ ያጠብቀዋል። ከዚያ እጀታው ወደ ሌላኛው አቅጣጫ ሲዞር ብሎኬቱ ብቅ ይላል፤ ርዝመቱ 29፣ ወርዱ 14፣ ውፍረቱ 9 ሴንቲ ሜትር ነው። ኤሌክትሪክ አይፈልግም፣ ነዳጅ አይፈልግም፣ እንደ ሸክላ ጡብ ማገዶም አይፈጅም።

ነገር ግን ዋናው ጉዳይ አፈሩ ነው። ሻጩ «ማንኛውም አፈር ይሆናል» ብሎናል፤ ይህ ፈጽሞ እውነት አይደለም፣ የሚያምነው ሰው ደግሞ ቤቱን ይከፍልበታል። ሥራ ሥርና ብስባሽ ያለበት የላይኛው አፈር ተገፎ ለእርሻ መመለስ አለበት። ከሥሩ የሚወጣው አሸዋ የሚበዛበት፣ የሸክላ ድርሻው ከ15 እስከ 20 በመቶ ገደማ የሆነ አፈር ሲሆን ጥሩ ነው። ዋልካ አፈር ግን ሲርስ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ለዚህ ሥራ አይመከርም። መሣሪያውን ከመግዛታችሁ በፊት ግልጽ ጠርሙስ ውሰዱ፤ ሲሶውን አፈር፣ የቀረውን ውሃና ትንሽ ጨው ጨምራችሁ በደንብ በጥብጡና አስቀምጡት። አሸዋው ወዲያው ይዘቅጣል፣ ደቃቁ አፈር ይከተላል፣ ሸክላው ዘግይቶ ከላይ ይተኛል። ንብርብሩን በማስመሪያ መለካት ብቻ ነው። በተጨማሪ 60 ሴንቲ ሜትር ርዝመት፣ 4 በ4 ወርድና ጥልቀት ያለው የእንጨት ሳጥን ሠርታችሁ እርጥብ አፈር ሙሉበትና ሲደርቅ ምን ያህል እንደተኮማተረ እዩ። ብዙ የሚኮማተር ከሆነ ሸክላው በዝቷል ማለት ነው፤ አሸዋ መጨመር ወይም በሲሚንቶ ፋንታ ኖራ መጠቀም ይሻላል። አሸዋማ አፈር ግን ከሲሚንቶ ጋር ይስማማል።

እርጥበቱን የምንለካው በእጅ ነው። አንድ ጭብጥ አፈር አድቦልቡላችሁ ከደረት ከፍታ ልቀቁት። መሬት ላይ ተልጥፎ ከቀረ ውሃው በዝቷል፣ ዱቄት ከሆነ አንሷል፤ አራት አምስት ቦታ ከተሰበረ ጥሩ ነው። ሲሚንቶ የገባበት ውሁድ ውሃ ከነካው በኋላ ቶሎ ማለቅ ስላለበት በትንሽ በትንሹ አቡኩ።

ስለ ወጪው፣ ነገሩ በሂሳብ ግልጽ ነው። አንድ ካሬ ሜትር ግድግዳ 33 ያህል ብሎኬት ይወስዳል። ግድግዳው 60 ካሬ ሜትር የሚሆን አነስተኛ ቤት ወደ 2,000 ብሎኬት ያስፈልገዋል። እያንዳንዱ 7 ኪሎ ግራም ገደማ ስለሚመዝን በጠቅላላው 14 ቶን መሆኑ ነው፤ ሲሚንቶው 5 በመቶ ቢሆን 14 ባለ 50 ኪሎ ከረጢት፣ ማለትም 700 ኪሎ ይበቃል። የሚያያይዘው ሞርታር ለብቻው ይታሰብ። ለብሎኬቱ ከከተማ የሚጫነው ይህ ብቻ ነው፤ የቀረው 13 ቶን ከቦታው ላይ ይቆፈራል። ሥራውን የለመዱ ሦስት አራት ሰዎች በቀን 300 ያህል ብሎኬት ያወጣሉ። ከዚያ ጥላ ሥር በሸራ ተሸፍኖ ቢያንስ ለአንድ ሳምንት እርጥበቱ ሊጠበቅለት፣ ሙሉ ጥንካሬውን እስኪያገኝም 28 ቀን ሊጠበቅ ይገባል። የሚጣደፍ ባለቤት ካለባችሁ ይህን አስቀድማችሁ ንገሩት።

ያሳዘነኝ የብየዳ ቤቱ ሥራ ነው። የእጀታው ፒን ከለስላሳ ብረት ስለተሠራ ቶሎ ተበልቶ ላላ፤ ብሎኬቶቹም ውፍረታቸው ይለያይ ጀመር። በቱምቢና በውሃ ልክ የሚሠራ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል፤ በየረድፉ ልዩነቱን በሞርታር መሙላት የቆጠብነውን ሲሚንቶ መልሶ ይበላል። ፒኑን በጠንካራ ብረት አስለውጠን ነው ሥራው የተስተካከለው።

ከሁሉ በላይ የከበደኝ ግን ሰዉ ለአፈር ቤት ያለው ንቀት ነው። አንድ ደንበኛዬ ቤቱን አስይዞ ሊበደር ሲጠይቅ ግድግዳው አፈር ነው ተብሎ ተመለሰ። አፈር ግን በወጉ ከተሠራ ይቆማል፤ የመን ውስጥ ያለችው የሺባም ከተማ ከጭቃ ጡብ የተሠሩ ባለ ብዙ ፎቅ ቤቶቿ አብዛኞቹ ከ16ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ የቆሙ ናቸው፤ ዩኔስኮም እ.ኤ.አ. በ1982 በዓለም ቅርስነት መዝግቧታል። በአንጻሩ እ.ኤ.አ. በ2003 የኢራኗ ባም ከተማ በመሬት መንቀጥቀጥ ስትመታ ከ26,000 በላይ ሰው አልቋል፤ አብዛኛው ቤት ብረት ያልታሰረበት የጭቃ ጡብ ነበር። ስለዚህ የድንጋይ መሠረት፣ ሰፊ የጣሪያ ክፈፍና ግድግዳውን ከላይ ዙሪያውን የሚያስር ብረት ያለው ኮንክሪት መቅረት የለበትም። እነዚህን ለመቆጠብ ብሎ የሚዘል ባለቤት ቢገጥመኝ ሥራውን አልቀበልም፤ የሚያድሩበት ልጆች ናቸውና።

መሣሪያው ጣሪያ፣ በርና መስኮት አይሠራም፤ የመሬት ይዞታ ጥያቄንም አይፈታም። የግድግዳውን ዋጋ ግን ጎረቤት ለጎረቤት በጉልበት ሊካፈለው ወደሚችል ሥራ ይለውጠዋል። ተራ በተራ ቤት ለመሥራት የተስማሙ አምስት ስድስት ቤተሰቦች ወይም ለአስተማሪዎቿ መኖሪያ ለመሥራት ያሰበች መንደር ካለች በሙሉ ልብ ግዙት እላለሁ። ለአንድ ቤት ብቻ ከሆነ ተከራዩት። ስትገዙ ደግሞ የራሳችሁን አፈር በጆንያ ይዛችሁ ሂዱ፤ እዚያው ሻጩ ፊት አሥር ብሎኬት አስወጡና አንድ በአንድ ለኩ።