ካኖን 55-250 ኤስቲኤም ከወራት በኋላ፦ የውኃ ተርብ ለሚያነሳ ሰው

ይህን ሌንስ ያገለገለ የገዛሁት ለወፍ ብዬ ነበር። ሐዋሳ ላይ ወፍ አይቸግርም፤ የዓሣ ገበያው አሞራ ገደል ላይ ዓሣ በሚበለትበት ሰዓት አባ ኮዳው ከሰው እግር ሥር አይጠፋም። ከወራት በኋላ ግን ሌንሱን ከካሜራዬ እንዳላወርድ ያደረጉኝ ሐይቁ ዳር ቄጠማ ጫፍ ላይ የሚያርፉት የውኃ ተርቦች ናቸው። የምጽፈውም ስለዚያ አገልግሎቱ ብቻ ነው።

መግለጫው ላይ ብዙ ሰው አልፎት የሚሄድ አንድ ቁጥር አለ፦ 85 ሴንቲ ሜትር። ሌንሱ ፎከስ ማድረግ የሚችልበት የመጨረሻው ቅርብ ርቀት ነው። እዚያ ቆማችሁ ዙሙን እስከ መጨረሻው፣ እስከ 250 ሚሊ ሜትር ስታስረዝሙት ፍሬሙ በወርዱ 8 ሴንቲ ሜትር የማይሞላ ቦታ ይይዛል። ርዝመቱ 4 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነው ቀዩ የውኃ ተርብ ግማሹን ሞላው ማለት ነው፤ የክንፉ መረብ ሳይቀር ቁልጭ ብሎ ይወጣል። እውነተኛ ማክሮ ሌንስ (ጥቃቅን ነገሮችን ከቅርብ ለማንሳት የተሠራ) ከዚህ እጅግ አብልጦ ያጎላል፤ ግን ለዚያ የሌንሱን አፍ ስንዝር እስኪቀር ማስጠጋት ግድ ነው። የውኃ ተርብ ደግሞ አንዱ ዓይኑ ብቻ እስከ 30,000 ከሚደርሱ ጥቃቅን ዓይኖች የተሠራ ነው። ገና ክንዳችሁን ስታነሱ አይቷችሁ ሄዷል። ለዚህ ፍጡር ከማጉላት ይልቅ ርቀት ይበልጥብኛል።

ራቅ ብሎ ማንሳት ሌላም በረከት አለው፤ ሳይረበሽ ኑሮውን ሲኖር ታዩታላችሁ። ወንዱ አንድ ዘንግ ይመርጣል፣ ተወርውሮ ዝንብ ይይዛል ወይም ባላጋራውን ያባርራል፣ ተመልሶ እዚያው ዘንግ ላይ ያርፋል። ስለዚህ እሱን መከተል ትቼ ዘንጉ ላይ ፎከስ አድርጌ እጠብቃለሁ። ቀትር ላይ ፀሐዩ ሲከር ጅራቱን ቀጥ አድርጎ ወደ ሰማይ ያቆማል፤ ፀሐይ የምታገኘው ገላው እንዲያንስ ነው። ጥላ ሳይፈልግ፣ ከቦታው ሳይነቃነቅ፣ በአቋሙ ብቻ ሙቀቱን ይቀንሳል! ይህን ባየሁ ቁጥር ጣቴን ከመጫኛው ላይ አንስቼ ዝም ብዬ እመለከተዋለሁ። ማለዳ ደግሞ የክንፉ ጡንቻ ሳይሞቅ መብረር ስለማይችል መጀመሪያ ክንፉን ያርገበግባል። ያኔ ነው እስከ 85 ሴንቲ ሜትሩ መጠጋት የሚቻለው።

ለማንሳት አፐርቸሩን (ብርሃን የሚገባበትን ቀዳዳ፤ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል) 8 ላይ፣ የሹተሩን (የመዝጊያውን) ፍጥነት ከ1/1000 ሴኮንድ ሳላወርድ እጠቀማለሁ። ካሜራው ከተዘረጉት ክንፎች ጋር ትይዩ ካልሆነ አንዱ ጫፍ ይደበዝዛል። ለቀዩ ዝርያ ኤክስፖዠሩን (የፎቶውን ብርሃን) በካሜራው ማስተካከያ ሁለት ሦስተኛ ስቶፕ ያህል ቀንሱ፤ አለዚያ ቀይ ቀለሙ ይፈስና ጀርባው ላይ ያለው ዝርዝር ይጠፋል።

ጉድለቱን በተመለከተ፣ 250 ላይ አፐርቸሩ ከ5.6 የበለጠ አይሰፋም፤ ደመና ሲጫን አይኤስኦ (የካሜራውን ብርሃን የመቀበል አቅም) መጨመር የግድ ነው። የመንቀጥቀጥ መከላከያው የእጃችሁን እንጂ ቄጠማውን የሚያወዛውዘውን ነፋስ አይዝም። ካሜራው ላይ የሚገጠምበት ቀለበት ፕላስቲክ ነው፤ ዝናብ መከላከያም የለውም፤ በክረምት ፌስታል ከቦርሳዬ አይለይም። የእጅ ፎከሱ የሚሠራው በሞተር ስለሆነ ካሜራው ሲተኛ ቀለበቱን ብታዞሩት ምንም አይለወጥም። በተረፈ 375 ግራም ብቻ ስለሚመዝን ግማሽ ቀን ቢያዝም ክንድ አያዝልም።

በበረራ ላይ ለማንሳት ግን ተስፋ አታድርጉበት። በተለይ ፓንታላ የሚባለው ቢጫማ ዝርያ ብዙም አያርፍም። ተመራማሪዎች ከሕንድ ተነስቶ የሕንድ ውቅያኖስን ተሻግሮ ምሥራቅ አፍሪካ ይደርሳል ይላሉ። ጣት የምታህል ነገር ባሕር ተሻግራ! አየር ላይ ሲመላለስ ሳየው ካሜራውን አንገቴ ላይ ትቼ አንጋጥጬ ማየቱን እመርጣለሁ።

ክንፋቸውን ጀርባቸው ላይ አጥፈው ለሚያርፉት ቀጫጭኖቹ ዘመዶቻቸው ሌንሱ ትንሽ ያጥራል። ለእነሱ ወርዱ 58 ሚሊ ሜትር የሆነ ማቅረቢያ መስታወት ከፊቱ ላይ መግጠም ይቻላል። ሌንሱ በሙሉ ፍሬም (ትልቅ ሴንሰር፣ ማለትም ትልቅ የምስል መቀበያ ባለው) የካኖን ዲኤስኤልአር ላይ አይገጥምም፤ በአርኤፍ ካሜራዎች (መስታወት አልባዎቹ የካኖን ካሜራዎች) ላይ በአዳፕተር (በማገናኛ ቀለበት) ይሠራል። አነስተኛ ሴንሰር ያለው ካኖን ካላችሁና ውኃ ዳር መቀመጥ የምትወዱ ከሆነ፣ ለማክሮ ብር ከማጠራቀማችሁ በፊት ይህን ግዙ።