ከስምንት ወር በኋላ፦ ሰፊው ሞኒተሬና ጠባቦቹ ጌሞቼ

ባለቤቴ ነገሩን በአንድ ጥያቄ ጨረሰችው። ከኋላዬ ቆማ ስክሪኑን አየችና «ይሄን ሁሉ ብር ያወጣኸው ለጥቁሩ ነው?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። አሁንም ያለኝ ግማሽ መልስ ነው።

ሞኒተሩ 34 ኢንች ነው። 21 ለ 9 የሚባለው ረጅም ዓይነት (ወርዱ 21 ቢሆን ቁመቱ 9 ነው)፣ 3440 በ1440 ፒክስል። የገዛሁት ስላሽ ነው፤ ስላሽም ሆኖ ኪሴን አራግፎታል። ስምንት ወር ሞላው። ለሥራ አሪፍ ነው፣ ሁለት ኤክሴል ጎን ለጎን ይዘረጋል፣ እስካሁን አልተበላሸም። በዚህ በኩል የምጨምረው የለኝም። ግን እውነቱን እናውራ ከተባለ ለኤክሴል ብዬ አልገዛሁትም። የገዛሁት ለሞስት ዋንትድ ነው።

ኒድ ፎር ስፒድ ሞስት ዋንትድ፣ የ2005ቱ የመኪና ውድድር ጌም። ሰፈራችን ጌም ቤት ውስጥ፣ ሆዱ በወጣ አሮጌ ሞኒተር፣ ተራ ጠብቄ ነበር የምጫወተው። ከፖሊስ ማምለጥ ስጀምር ሁልጊዜ «ሰዓትህ አልቋል» እባላለሁ። እንግዲህ አድጌ፣ ደመወዝ በልቼ፣ ያንኑ ጌም በትልቅ ስክሪን ማንም ሳያስነሳኝ መጫወት የቆየ ዕዳ ማስመለስ ነበር።

የመጀመሪያው ማታ ከፈትኩት። ያቺ ሰማያዊና ብርማ ቢኤምደብሊው ኤም3 ጂቲአር መጣች። ወይ ጉድ! ሲኖትራክ የወጣባት ትመስላለች። ጣሪያዋ ተጨፍልቋል፣ ጎማዎቿ እንቁላል ሆነዋል። ታች ጥግ ላይ ያለው ክብ መለኪያ ሳይቀር እንቁላል ነው። መቼቱ ውስጥ ገብቼ ሪዞሉሽን፣ ማለትም የምስሉን የፒክስል ልክ፣ ፈለግሁ። ለሰፊ ስክሪን የሚሆን አንድም ምርጫ የለም። ሁሉም የድሮው ባለ 4 ለ 3 ቤተሰብ ነው፤ 640 በ480፣ 800 በ600፣ እንዲህ እያለ ይሄዳል። የእግር ኳሱን ጌም ፔስ 6ን ሞከርኩ። ኳሷ የራግቢ ኳስ ሆናለች፤ ተጫዋቾቹ ጾም ተፈቶ ሳምንቱን ሙሉ ሲበሉ የከረሙ ይመስላሉ።

ሻጩ ትዝ አለኝ። «ወንድሜ፣ ይሄ የማያጫውተው ጌም የለም» ነበር ያለኝ። ብዙ ማታ በሐሳቤ ተጨቃጭቄዋለሁ። አዎ ያጫውታል። ጠባብ ጫማም እኮ ያስኬዳል። በሐሳቤም ቢሆን አይሸነፍም፤ «ታዲያ አትለጥጠው፣ በልኩ አድርገው» ይለኛል። እሺ ብዬ በልኩ አደረግሁት። በግራፊክስ ካርዱ መቼት ውስጥ ምስሉ ቅርጹን ሳይለቅ እንዲታይ የሚያደርግ ምርጫ አለ። ነካሁት፤ ጎማው ክብ ሆነ፣ ኳሷም ኳስ ሆነች። ያን ጊዜ ነው ጥቁሩ የመጣው።

ሒሳቡን ሠርቼዋለሁ፣ ባልሠራው ይሻለኝ ነበር። ቁመቱ 1440 ፒክስል ከሆነ የ4 ለ 3 ምስል ወርዱ 1920 ነው። ከ3440 ላይ ሲቀነስ በግራ 760፣ በቀኝ 760 ፒክስል ባዶ ይቀራል። ከስክሪኑ 44 በመቶው ማለት ነው። ጌሙ የሚታይበት ክፍል ከጥግ እስከ ጥግ ሲለካ 22 ኢንች አካባቢ ነው። የ34 ኢንች ከፍዬ በ22 ኢንች እጫወታለሁ።

ይባስ የሚለው ደግሞ ይሄ ነው። 27 ኢንች የሆነ ተራ ባለ 16 ለ 9 ሞኒተር ብገዛ ኖሮ ቁመቱ ከዚህኛው ጋር እኩል ነው ለማለት ይቻላል። ስለዚህ የ4 ለ 3 ጌም እዚያም ላይ 22 ኢንች ነው የሚወጣው። ልክ ያው ነው፣ ጥቁሩ ብቻ ያንሳል። ይሄን ሻጩ አልነገረኝም። እኔም አልጠየቅሁትም፤ ግን እሱ ነው ሻጩ።

ጥቁር ስል ደግሞ ጥቁር እንዳይመስላችሁ። የኔው አይፒኤስ የሚባለው፣ ጥቁሩ ሙሉ ለሙሉ የማይጠቁር የስክሪን ዓይነት ነው። ማታ መብራት አጥፍቼ ስቀመጥ ሁለቱ ዳሮች ግራጫ ናቸው፤ ማዕዘኖቹ ላይ ደብዘዝ ያለ ብርሃን ይታያል። መጋረጃው በደንብ ያልተዘጋ መስኮት መሀል ቁጭ ብዬ የምጫወት ነው የሚመስለኝ።

በጌም ሠሪዎቹ መፍረድ ይከብዳል። በዚያ ዘመን አብዛኛው ሰው ቤት ያለው ስክሪን 4 ለ 3 ነበር። ቢሆንም ያው ሞስት ዋንትድ በዚያው ዓመት ኤክስቦክስ 360 ለሚባለው የጌም ማሽን ሲወጣ ሰፊ ምስል ነበረው። ሃፍ ላይፍ 2 ደግሞ ከእሱ አንድ ዓመት ቀድሞ፣ በ2004፣ በኮምፒውተር ላይ ሰፊ ስክሪን በሥርዓቱ ይደግፍ ነበር። ስክሪኑ ሲሰፋ የሚታየው ዓለም በጎንና በጎን ይጨመራል፤ መሆን ያለበትም እንዲህ ነው። በ2007 ባዮሾክ ሲወጣ ተገላቢጦሽ ሆኖ አረፈው። ሰፊ ስክሪን ያለው ሰው ከላይና ከታች ተቆርጦበት ከባለ 4 ለ 3ቱ ያነሰ ያይ ነበር። ሰው ተንጫጫ፣ ኋላ በማስተካከያ ታረመ። የመጀመሪያው ሃፍ ላይፍ ደግሞ የ1998 ሆኖ ሰፊ ዕይታ የሚሰጥ ምርጫ ያገኘው በ2023፣ 25ኛ ዓመቱ ሲከበር ነው።

ሞስት ዋንትድን ያዳነልኝ ኩባንያው አይደለም፣ ወዳጆቹ ናቸው። ጌሙ ያለበት ፎልደር ውስጥ የምትጨምሯት ትንሽ ፋይል ሠርተዋል። አወረድኩና ጨመርኳት። ጌሙ አልነሳ አለ። የምፈልገው የጌሙን 1.3 እትም ነው የሚል መልእክት ብቅ አለ። የኔ ኮፒ የድሮ ሲዲ ነው፣ ስንተኛው እንደሆነ ማን ያውቃል። ማስተካከያውን ፈልጌ አውርጄ ልጭነው ስል መብራት ሄደ። በማግሥቱ ቅዳሜ እንደገና ጀመርኩ። የፋይሏን መቼት በኖትፓድ ከፈትኩት፤ ሪዞሉሽኑ ቦታ ላይ ዜሮ ዜሮ ይላል። ዜሮ ማለት «የስክሪኑን ልክ ራስህ እወቀው» ማለት ነው። አልነካሁትም። ጌሙን አስነሳሁት።

እናንተ! መንገዱ ተዘረጋ። ያ ወርቃማ የመኸር ብርሃን ከግራ ዳር እስከ ቀኝ ዳር ሞላ። መስቀለኛ መንገድ ላይ ስደርስ ከጎን የሚመጣውን ፖሊስ ሳይደርስብኝ አየሁት። ጌም ቤት እያለሁ ይሄ ፖሊስ ከሰማይ የወረደ ያህል ነበር የሚደነቅርብኝ። ዳር ላይ የሚያልፉ መኪኖች ትንሽ ይለጠጣሉ፣ ግን በዚያ ፍጥነት ማን ያያቸዋል? ሦስት ሰዓት ሙሉ ተጫወትኩ። «ሰዓትህ አልቋል» ያለኝ የለም። ያን ቀን ይሄን ግምገማ ብጽፍ ኖሮ ሞኒተሩን አምስት ኮከብ እሰጠው ነበር።

ችግሩ ሁሉም ጌም እንዲህ ዓይነት ወዳጅ የለውም። የ2D፣ ማለትም በጠፍጣፋ ሥዕል የተሠሩት፣ ጌሞች ደግሞ ጭራሽ ሌላ ጣጣ ናቸው። የ1998ቱ ስታርክራፍት 640 በ480 ሆኖ ነው የተሳለው፣ አለቀ። አዲሶቹ እትሞች ራሳቸው ሙሉ በሙሉ አያስመልጡም። ዳያብሎ 2 በ2021 ታድሶ ሲወጣ «ተገላገልኩ» ብዬ ነበር። ለካ የሚሰፋው እስከ 19 ለ 9 ብቻ ነው፤ በኔው ስክሪን ዳርና ዳሩ ይጠቁራል። ምክንያቱ የድሮው ጌም አጥንት ነው። ጭራቆቹ የሚነቁት በተወሰነ ርቀት ውስጥ ስትገባ ነው፤ ከዚያ በላይ ቢያሳይህ ቆመው የሚጠብቁህን ጭራቆች ከሩቅ እየቀሰትክ ትጨርሳቸዋለህ።

ታናሽ ወንድሜ ባለፈው እሁድ መጥቶ ፔስ 6 ተጫወትን፣ በጥቁሮቹ መሀል። 3 ለ 1 አሸነፈኝ። ሲወጣ «ለምን አትሸጠውም?» አለኝ። ተቆጣሁ። ስምንት ወር ሙሉ ከሻጩ ጋር የተከራከርኩትን ረስቼ ልክ እንደ ሻጩ ማስረዳት ጀመርኩ፤ ስለ ሞስት ዋንትድ፣ ስለ ወርቃማው መንገድ። አልሸጠውም።

ግን ንጹሕ የሆነ ባለ 27 ኢንች ስላሽ የምታውቁ ካላችሁ ንገሩኝ። ለማየት ብቻ ነው።