ቫርኒሽ፣ ዘይት ወይስ ቀለም? ግቢ ውስጥ ለምትከርም ጀልባ

ለገጣፎ ግቢዬ ውስጥ አራት ሜትር የምትሆን ባለሸራ ጀልባ አለችኝ። ላንጋኖ የምትወርደው በዓመት ሁለት ሦስቴ ነው፤ የቀረውን ጊዜ አጥር ሥር ተጋድማ ትከርማለች። ጎረቤቶቼ «ጎርፉ መቼ ነው የሚመጣው?» እያሉ ይቀልዱብኛል። እንጨቷን ያሸበተው ግን ሐይቁ ሳይሆን ግቢው ነው። ላንጋኖ 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ እኛ ያለነው ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። ቆዳ የሚያቃጥለው የፀሐይ ጨረር ደግሞ በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። በጋውን ፀሐይ የሰነጠቀውን እንጨት ክረምቱ እስከ መስከረም ያረሰርሰዋል።

በውበት ከሆነ ቫርኒሽን የሚወዳደረው የለም። ዋንዛ ላይ ሦስተኛው እጅ ሲደርቅ ማር የፈሰሰበት ይመስላል። እኔም የተሸወድኩት በዚሁ ነው። መርካቶ አንድ ሱቅ ገብቼ «የውጭ ነው?» አልኩ፤ ደጅ ለሚውል እንጨት ማለቴ ነበር። ባለሱቁ «አዎ፣ የውጭ ነው» አለኝ፤ ለካ ከውጭ አገር የመጣ ማለቱ ነው። የቁም ሳጥን ቫርኒሽ ገዝቼ ተመለስኩ። በሁለተኛው ክረምት ጠርዙ ላይ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተነሳ። ጥፍሬን ሳስገባበት መዳፍ የሚያህል ቅርፊት ይዞ መጣ፤ ሥሩ ያለው እንጨት ጠቁሮ ረጥቧል።

ነገሩ እንዲህ ነው፦ የቤት ዕቃ ቫርኒሽ ደረቅ ስለሆነ እንጨቱ ሲያብጥና ሲኮማተር አብሮት አይሳብም። ይሰነጠቃል፤ በስንጥቁ የገባው ውሃ ደግሞ መውጫ ያጣል። የጀልባ ቫርኒሽ ለስለስ ያለና ጨረር መከላከያ የተጨመረበት ነው። ቆርቆሮው ላይ የጀልባ ወይም የደጅ እንጨት መሆኑ ካልተጻፈ፣ የባለሱቁን ቃል ብቻ ይዛችሁ አትግዙ። ሥራውም ትዕግሥት ይፈልጋል። የመጀመሪያው እጅ በአኳራጅ ቀጥኖ ይቀባል፤ ከዚያ አምስት ስድስት እጅ፣ በየመሃሉ በ220 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት እየታሸ። ጠዋት ጤዛው ሳይደርቅ አትጀምሩ፤ ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላም ብሩሹን አስቀምጡት። አመሻሽ ላይ የተቀባ ቫርኒሽ የማታ እርጥበት ሲያገኘው ይደበዝዛል።

የተልባ ዘይት ጸባዩ ሌላ ነው። እንጨቱ ውስጥ ስለሚሰርግ አይላጥም፤ ሲደክም አቧራውን ጠርጎ በጨርቅ መደገም ብቻ ነው። ለምግብ የተጨመቀውን ግን ተዉት፤ ለመድረቅ ቀናት፣ አንዳንዴም ሳምንታት ይፈጃል። ለእንጨት የሚሸጠው ማድረቂያ የተጨመረበት ነው። ጉድለቱ ጨረር እምብዛም አለመከላከሉና በክረምት ጥቁር ሻጋታ መሳቡ ነው። ስለዚህ በዓመት ሁለቴ ያስፈልገዋል፤ አንዴ ሰኔ ሳይገባ፣ አንዴ ከመስቀል በኋላ። አሮጌ ቫርኒሽ ላይ ደግሞ ምንም አይሠራም፤ መጀመሪያ እስከ እንጨቱ መፋቅ አለበት።

አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። የተልባ ዘይት የነካው ጨርቅ ሲደርቅ ሙቀት ያወጣል። ተጨብጦ ጥግ ከተጣለ ክብሪት ሳይነካው ሊነድ ይችላል። ዘርግታችሁ ደጅ አድርቁት ወይም ውሃ ውስጥ ንከሩት።

የደጅ ዘይት ቀለም ብዙ አያስወራም። ጨረሩን ጨርሶ ስለማያሳልፍ ከሦስቱ ብዙ የሚቆየው እሱ ነው። ዋንዛን በቀለም መሸፈን ያንገበግባል፤ ለኮምፔንሳቶ ግን ያለ ምንም ማመንታት ቀለም ግዙ፣ በተለይ ውሃ ለሚጠጣው የተቆረጠ ጠርዝ።

እኔ አሁን ሦስቱንም ከፋፍዬ ነው የምጠቀመው። ወለሉና የመሪው እጀታ ዘይት ናቸው፤ ወለል ላይ ቫርኒሽ በእርጥብ እግር ያንሸራትታል፣ እጀታውም በዘይት ሲሆን ለመዳፍ ይመቻል። የጎን ጠርዙና የመቀመጫው ሥር ቀለም ተቀብቷል። ቫርኒሽ የደረሰው ለምሰሶው ብቻ ነው፤ እሱም ቤት ኮሪደር ውስጥ ስለሚከርም። ለዚህ ለዚህ ትልቅ ቆርቆሮ አትግዙ። የተከፈተ ቫርኒሽ ላዩ ቆዳ ያበጃል፣ በሚቀጥለው ዓመት ስትከፍቱት ግማሹ ተጓጉሎ ነው የምታገኙት።