የማጀት ጭስ ወይስ ሲጋራ? የሳንባ ነገር

ለአጫሹ ሳንባ ሲጋራ ይከፋል። ጭሱን በቀጥታ ይስበዋል፤ ኒኮቲኑም ሱስ ያስይዘዋል። አብዛኛው የሳንባ ካንሰር የሚመጣው ከማጨስ ነው። ግን ካቆመ የሳንባው መዳከም ፍጥነቱን ይቀንሳል።

የማጀት ጭስ ግን ምርጫ አይሰጥም። እንጀራ ጋጋሪዋ መስኮት በሌለው ጓዳ ጎንበስ ብላ ኩበትና ቅጠል ትማግዳለች። ዓይኗ ያነባል፣ ጉሮሮዋን ይከረክራታል። የጭሱ ደቃቅ ብናኝ ሳንባዋ ድረስ ዘልቆ የአየር ቧንቧዋን ያስቆጣል። ዓመታት ሲያልፉ፣ ሲጋራ በአፏ ሳይዞር፣ የአጫሽ ሳል ሊይዛት ይችላል። ዳገት ያቅታታል። ሐኪሞች ሥር የሰደደ የመተንፈሻ ቧንቧ መጥበብ የሚሉትን ሕመም ሁለቱም ጭሶች ያመጡታል።

ሲጋራን በተመለከተ በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 ሕዝብ በሚገለገልባቸው ቤቶች ውስጥ ማጨስን ከልክሏል። ማጀቱ የሚፈልገው የጭስ መውጫና የኤሌክትሪክ ምጣድ ነው። እኔ ብጠየቅ ቅድሚያውን ለእሱ እሰጣለሁ።