ለጋሽዬ ምስጋና፤ ባሕር ዳር ቡችላ ያላችሁ ስሙኝ

ልጅና ቡችላ አንድ ግቢ የምታሳድጉ የባሕር ዳር ልጆች፣ ይህን ሳታነቡ እንዳታልፉ። ከልቤ ላመሰግናቸው የምፈልግ የውሻ አሰልጣኝ አሉ።

ውሻችን ቦቢ ጀርመን ሼፐርድ ነው፤ ገና ዓመት አልሞላውም። ልጆች ሲሮጡ ካየ አያስችለውም። ከኋላ ተከትሎ ተረከዛቸውን ነከስ ነከስ ያደርጋል፣ ሲጮኹ ደግሞ ይብስበታል። ትንሿ ልጄ ከበረንዳ መውረድ ትታ ነበር። እኔም ከሥራ ስመለስ ገና ከባጃጅ ሳልወርድ ልቅሶ ይሰማ እንደሆነ ነበር የማዳምጠው።

ያልሞከርነው የለም። አንዱ "ይሄ ነካሽ ነው፣ አስወግዱት" ብሎን ወደ ስልኩ ዞረ። ሌላው እኔ ጋ ተዉት አሰለጥነዋለሁ ብሎ ጠቀም ያለ ብር ተቀበለን። ቦቢ ሲመለስ ሰው እጁን ባነሳ ቁጥር መሬት ላይ ልጥፍ ይል ጀመር፤ ምን እንዳደረጉት እግዜር ይወቀው። መንከሱን አልተወም፣ ድሮ የማያውቀው ማጉረምረም ተጨመረበት። ብሩስ ይቅር፣ ዓይኑን ሳይ ነበር አንጀቴ የሚቃጠለው።

እኚህን ሰው የጠቆመችኝ ሽምብጥ ሰፈር ያለች ባልደረባዬ ናት። ልጆቼ ጋሽዬ ይሏቸዋል፣ እኔም እንደዚያው ልበላቸው። ስደውልላቸው መጀመሪያ የጠየቁኝ የእብድ ውሻ ክትባት ወስዷል ወይ ብለው ነው። ካርዱን ሳላይ አልጀምርም አሉ። የተከተበም ይሁን ያልተከተበ ጥርሱ ቆዳ ከላጠ ቁስሉን በሳሙናና በወራጅ ውሃ ለ15 ደቂቃ አጥባችሁ ቀጥታ ጤና ጣቢያ ሂዱ ብለው አጥብቀው ነገሩኝ።

የመጡት ልጆች ከትምህርት ቤት በሚመለሱበት ሰዓት ነው፣ ግቢው ሲታመስ ማየት ፈልገው። ወደ ውሻው ግን አልሄዱም። ደረጃው ላይ ከልጄ ጎን ተቀመጡና "የኔ እመቤት፣ እግርሽን አመመሽ አይደል?" አሏት። ከሄድንባቸው ሁሉ እሷን ያናገረ አልነበረም እኮ! ከዚያ ቀስ ብለው ነገሯት፤ ቦቢ ክፉ አይደለም፣ ዘሩ በግ ጠባቂ ነው፣ የሚሮጥ ሲያይ መሰብሰብ ያምረዋል። "ሲመጣ እንዳትሮጪ። እጅሽን አጣጥፈሽ እንደ ዋርካ ቀጥ በይ።"

ገመዱን እሳቸው ይዘው ቦቢን አቀረቡት። ልጄ ዓይኗን ጨፍና ቆመች። የቀሚሷን ጫፍ አሸተተ፣ አንዴ ዞራት፣ ቁጭ አለ። ጋሽዬ ከኪሳቸው የተቀቀለ ጉበት አውጥተው "በይ አንቺ ወርውሪለት" አሏት። ሳቋን ብትሰሙት!

የሥልጠናውን ዝርዝር እኔ ብዙም አልገባኝም። ዱላ በፍጹም፣ ልጆችና ቦቢ ያለ አዋቂ ለብቻቸው በፍጹም፤ ይህን ይዣለሁ። ቡችላ እንቅልፍ ሲያጣ ነካሽነት ይብስበታል ብለው ከሰዓት ለብቻው የሚተኛበት ቦታ አስመደቡልን። ጧት ጧት ባለቤቴ በገመድ ይዞት ጣና ዳር ይወጣል። አሁን ልጆቹን ሲያይ የሚያኝከውን ገመድ ይዞ ይመጣል። የኳስ ጨዋታ ሲጦፍ ግን አሁንም እናስረዋለን፣ ጋሽዬ ገና ልጅ ነው አትቸኩሉ ብለውናል።

አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ዘጌ ቡና ለቀማ ሲወርድ ውሻው ከጎኑ አይለይም ነበር። ልጆቼም ከውሻ ጋር እንዲያድጉ የጓጓሁት ለዚያ ነው። ጋሽዬ ባይደርሱልን ቦቢን ለሰው ልንሰጠው ነበር።

እባካችሁ ውሻችሁን ከመስጠታችሁ፣ ከመምታታችሁ በፊት እሳቸውን አናግሩ። ደግሜ እላለሁ፣ እሳቸውን አናግሩ! ስልካቸው እዚህ እንዲለጠፍ አልወደዱም፣ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። የሚመቻቸው ከሰዓት በኋላ ነው። የክትባት ካርዱን አዘጋጅታችሁ ጠብቋቸው።