መጠገን ወይስ እንደ አዲስ መጫን?

ደብረ ማርቆስ ላይ አንድ ኮምፒውተር «የሲስተም ፋይል ጠፍቷል» ብሎ ሲያስቸግር የብዙ ሰው እጅ የሚሮጠው ዊንዶውስን እንደ አዲስ ወደ መጫን ነው። እኔ ጥገናውን አስቀድማለሁ። «ኤስኤፍሲ» (sfc) የሚባለው የዊንዶውስ ትእዛዝ በአስተዳዳሪ ፈቃድ ሲሰጥ የተጠበቁ የሲስተም ፋይሎችን እንደ ጤፍ ያበጥራል፤ የጎደለውንና የተበላሸውን እዚያው ኮምፒውተሩ ውስጥ ካለው ቅጂ ይተካል። ኢንተርኔት አይፈልግም፤ የግል ሰነድም አይነካም። ቅጂው ራሱ ከተበላሸ ግን አቅም የለውም። ያኔ ያንን ቅጂ የሚጠግነው «ዲስም» (DISM) የሚባል ሌላ የዊንዶውስ ትእዛዝ ይቀድማል፤ እሱ ጤነኛውን ፋይል በተለመደው አሠራር ከማይክሮሶፍት ያወርዳል። መስመሩ በደከመበት ቀን፣ ቡሬም ይሁን ፍኖተ ሰላም፣ ተመሳሳይ እትም የያዘ የዊንዶውስ ፍላሽ በምንጭነት ማመልከት ይቻላል። ከዚያ ኤስኤፍሲን መድገም ነው።

እንደ አዲስ መጫን ቁርጥ ያለ መፍትሔ ነው፤ ዋጋው ግን ከባድ። የግል ፋይሎችን አስቀርቶ ዳግም ማስጀመር ቢመረጥም የተጫኑት ፕሮግራሞች ይጠፋሉ፤ የግእዝ መጻፊያው፣ የሒሳብ ፕሮግራሙ፣ ሁሉም እንደገና። ሐርድ ዲስኩ ራሱ እየሞተ ከሆነማ ሁለቱም ከንቱ ልፋት ናቸው፤ አስቀድሞ ሰነዱን ወደ ሌላ ዲስክ መገልበጥ ነው።

ከማይታወቅ ድረ ገጽ የጎደለውን ፋይል ብቻ አውርዶ መለጠፍስ? እሱን ከምርጫ አልቆጥረውም።